ካንሰሩ ዘግይቶ ሲገኝ ጠበቃ መያዝ፦ ከሐዋሳ የአንዲት ተገልጋይ አስተያየት

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ውስጥ የሕክምና ስህተት ጉዳዮችን የምትይዝ አንዲት ጠበቃ ለእኔና ለባለቤቴ ስለሰጠችን አገልግሎት ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ እንዳልጠቅስ ጠይቃኛለች። የጤና ተቋሙንም አልጠቅስም፤ ጉዳያችን ያለቀው በስምምነት ስለሆነ ስሙንም የገንዘቡንም መጠን ላንናገር ፈርመናል። ታዲያ ስም የሌለው አስተያየት ለማን ይበጃል የሚል ሰው ይኖራል። ከመሥሪያ ቤት ባልደረባ እስከ ሰፈር ዕድርተኛ ድረስ “የእኛም ካንሰር ዘግይቶ ነው የተገኘው፣ መክሰስ ይቻላል ወይ?” የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው ጥሩ ጠበቃ በምን እንደሚታወቅ፣ ሕጉ የሚሰጠውና የማይሰጠው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። እኔ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ።

ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከሐዋሳ ሞያሌ ጭነት ሲያመላልስ ነው የኖረው። በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ሳለ ሽንት ቤት ሲቀመጥ ደም ማየት ጀመረ። ሰፈራችን አቅራቢያ ወዳለ የግል ጤና ተቋም ሄደ። ሐኪሙ “ሥራህ ምንድን ነው?” አለው፤ “ሹፌር ነኝ” ሲል ነገሩ እዚያው ተቆረጠ። ኪንታሮት ነው፣ ብዙ ከመቀመጥ የመጣ ነው፣ ቅባት ተቀባ፣ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዘፍ፣ በርበሬ ቀንስ። ደሙ አልቆመም። ተመልሶ ሲሄድ የሰገራና የደም ምርመራ ታዘዘለት፤ አንዴ አሜባ ተባለ፣ አንዴ ደግሞ ታይፎይድና ታይፈስ ባንድ ላይ። ሆዱን ታሞ የላቦራቶሪ ወረቀት የያዘ ያገራችን ሰው ሁሉ ይህን ውጤት ያውቀዋል። ሲፕሮ ዋጠ። እየከሳ መጣ፣ የቤታችንን ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ይተነፍስ ጀመር። “ደም ማነስ አለብህ” ተብሎ የብረት እንክብል ተጻፈለት። ይህ ሁሉ ሲሆን ጓንት አጥልቆ በጣቱ የመረመረው ሰው አልነበረም።

ሌላ ሆስፒታል ስንገባ አንድ ወጣት ሐኪም ታሪኩን በቅጡ ሰምቶ “በግራ ጎንዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ያምጡ” አለው። ምርመራው ደቂቃ አልፈጀም። ጣቱ የነካው ነገር ኪንታሮት እንዳልሆነ ወዲያው ነው ያወቀው። ከዚያ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት)፣ ባዮፕሲ (ለምርመራ የሥጋ ናሙና መውሰድ)፣ ሲቲ ስካን ተከተሉ። ከፊንጢጣ በላይ ያለው የአንጀት ክፍል ካንሰር፣ ደረጃ ሦስት፤ አጠገቡ ወዳሉት ንፍፊቶች ዘልቋል። ኬሞ ወሰደ፣ ለጨረር ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን አዲስ አበባ ተቀመጥን፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዛሬ ሰገራው የሚወጣው ሆዱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ወደ ከረጢት ነው፣ እስከ ዕድሜ ልኩ። የሞያሌን መንገድ ከእንግዲህ አይነዳም።

አሁን ወደ ጠበቃዋ ልምጣ። ከእሷ በፊት ሌላ ጠበቃ አነጋግረን ነበር። ወረቀታችንን ሳያገላብጥ ሚሊዮኖች እንደምናገኝ ነገረንና ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀ። ባለቤቴ “ይሄ ሰው ሕመሜን እንኳ አልጠየቀኝም” ብሎ ተነሣ። በእኔ ሚዛን ጠበቃ መምረጥ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰነድ ሳያይ የገንዘብ መጠን የሚናገረውን ተሰናብታችሁ ውጡ።

እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው “የሚቀጥለው የኬሞ ቀጠሮ መቼ ነው?” ብላ ነው። ሕክምናው በክሱ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ እንዳይስተጓጎል አጥብቃ ተናገረች። ከዚያ ደሙን መጀመሪያ ያየው መቼ እንደሆነ፣ ለማን እንደተናገረ፣ ያ ሰው ካርዱ ላይ ጽፎት እንደሆነ ጠየቀች። “ተናግሬያለሁ” እና “ተጽፏል” የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ያን ቀን ገባኝ።

እኔ የምሠራው በአንድ ማኅበር ሒሳብ ክፍል ነው፤ ወረቀት መጣል አይሆንልኝም። የላቦራቶሪውን፣ የመድኃኒት ማዘዣውን፣ ደረሰኙን ሁሉ በፌስታል ይዤ ሄጄ ነበር። ጠበቃዋ ጠረጴዛዋን ጠርጋ የሻይ ብርጭቆዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። ዋናው ወረቀት ላይ ነጥብ እንኳ አልጻፈችም፤ ማስታወሻዋን በትንንሽ ቢጫ ወረቀት እየጻፈች ጎን ለጎን ታስቀምጥ ነበር። ከመሀላቸው ሦስት የደም ምርመራ ውጤቶችን ለይታ አወጣች። ሄሞግሎቢን፣ ደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር፣ 13.4። ቀጥሎ 11.1። ቀጥሎ 8.2። ሦስቱም የዚያው የጤና ተቋም ማኅተም አለባቸው። አንደኛው በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለነበር ቁጥሩ ደብዝዞ ሊጠፋ ደርሷል፤ ሌላ ሥራዋን አቁማ ጸሐፊዋን ኮፒ ልታስነሣው ላከቻት።

“እህቴ፣ ይሄን ተመልከቺ” አለችኝ። “ጎልማሳ ወንድ ነው፣ የወር አበባ የለውም። ደሙ በየጊዜው እየቀነሰ ነው፣ በታች በኩል ደም እንደሚያይም ነግሯቸዋል። ከየት ነው የሚፈሰው ብሎ ያልፈለገ ሐኪም ብረት ሰጥቶ ሊሸኘው አይችልም።” በአዋቂ ወንድ ላይ የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ሲታይ ከጨጓራና ከአንጀት የሚፈስ ደም አለ ወይ ተብሎ መፈተሽ እንዳለበት በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። ሦስቱ ቁጥሮች እኛ ቤት ፌስታል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ትርጉም ያገኙት አንድ ሰው ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነባቸው ነው። ለምክር የከፈልኩት አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ለዚያች ሰዓት ብቻ ቢሆንም አይቆጨኝም።

ቀጥላ የተናገረችው ግን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ካንሰር ዘግይቶ ተገኘ ማለት ሐኪሙ አጥፍቷል ማለት አይደለም አለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ስለ ሙያ ጥፋት ይደነግጋል፤ ባለሙያ የሚጠየቀው ከሙያው ሳይንስና ተቀባይነት ካለው አሠራር አንጻር ሲታይ ግዴታውን ባለማወቅ ወይም በቸልተኝነት ያጠፋ እንደሆነ ነው። ጥሩ ሐኪምም ተጠንቅቆ መርምሮ ሊስት ይችላል፤ ሕጉ ለዚያ አይቀጣውም። ተቋሙን በሚመለከት ደግሞ ቁጥር 2651 አለ፤ የሕክምና ድርጅት ቀጥሮ የሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው በታካሚው ላይ ላደረሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከተማ ለቆ ቢሄድ እንኳ የምትከሱት አካል አይጠፋም ማለት ነው።

ዋናው ውጊያ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መዘግየቱ ምን አመጣ? እዚህ ላይ ጠበቃዋ ጨከነችብን፣ መጨከኗም ትክክል ነበር። “ያኔውኑ ቢገኝ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?” ለሚለው መልስ ከሌለን ጥፋቱን ብናስረዳም ልንሸነፍ እንችላለን። ምሳሌ አድርጋ የነገረችን የእንግሊዝ አገር ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ብብቱ ሥር እብጠት ይዞ ይሄዳል፣ ሐኪሙ ምንም አይደለም ይለዋል፣ በኋላ የንፍፊት ካንሰር ሆኖ ይገኛል። በመዘግየቱ ምክንያት ከበሽታው ነፃ ሆኖ አሥር ዓመት የመኖር ዕድሉ ከ42 በመቶ ወደ 25 በመቶ ወረደ ተባለ። ጉዳዩ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰና በ2005 እ.ኤ.አ. ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተሸነፈ፤ ከመነሻውም ዕድሉ ከግማሽ በታች ስለነበር፣ መዘግየቱ መዳኑን እንዳሳጣው አላስረዳም ተባለ። የእንግሊዝ ፍርድ እኛን አያስገድደንም። ተከራካሪው ወገን የሚያነሣው መከራከሪያ ግን ይኸው ነው፣ “ቀድሞም ቢገኝ አይድንም ነበር” ነው የሚሉት።

በአንጀት ካንሰር ይህን መከራከሪያ መመለስ የሚቻልበት መንገድ አለ። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ መሠረት ካንሰሩ ከአንጀቱ ሳይወጣ የተገኘባቸው ሰዎች አምስት ዓመት የመኖር ዕድላቸው ወደ 90 በመቶ ይጠጋል፤ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። የእኛ ጉዳይ መሀል ላይ ያለ ነው። ጠበቃዋ ክሱን የቀረጸችው “ሞት አመጡበት” ብላ አይደለም፤ ባለቤቴ በሕይወት አለ፣ አሁንም ይታከማል። ያቀረበችው ጥያቄ መዘግየቱ ምን እንደጨመረበት ነው፦ ረዘም ያለውን ኬሞ፣ ጨረሩን፣ ዘላቂውን ከረጢት፣ የጠፋውን የሹፌርነት ገቢ። አቤቱታውን ሳነብ መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ የእኔ ንዴት በውስጡ አልነበረም። በኋላ ሳስበው ግን በማስረጃ የማይቆም አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዳልጻፈች አየሁ።

ስለ ካሳው የነገረችን ነገር ሁሉም ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ሕጉ ለኅሊና ጉዳት የሚፈቅደው ካሳ ጣሪያ አለው፤ በቁጥር 2116 መሠረት ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም። አንድ ሺህ! ሕጉ ሲወጣ ይህ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ባለቤቴ ለከረጢት ብቻ የሚያወጣውን እንኳ አይሸፍንም። ሌሊት የፈሰሰ ከረጢት እየለወጠ፣ ሰው መሀል መቀመጥ አፍሮ፣ ሠርግ ተጠርቶ የማይሄድ ሰው ስቃዩ በሕግ አንድ ሺህ ብር ነው መባሉ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ይህ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ ሕግ አውጪ የሆነ ሰው ይህን የሚያነብ ከሆነ እባክህን አንሣው። ጠበቃዋ ይህን ሳትሸፋፍን በመጀመሪያው ቀን ነግራናለች። ገንዘቡ የሚገኘው ከቁሳዊ ጉዳቱ ነው፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት የሚለው ቁጥር 2091 እዚህ ላይ ይሠራል። የመድኃኒት፣ የትራንስፖርት፣ የአልጋ፣ የአስታማሚ ምግብ፣ የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ ሁሉ በደረሰኝና በምስክር ይቆጠራል። በትክክል ሊሰላ የማይችለውን ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ባለው መጠን፣ እንዲወስን ቁጥር 2102 ይፈቅዳል። የሹፌር ገቢ አስቸጋሪ ነው፤ አበሉና ኮሚሽኑ በወረቀት አይሰፍርም። የመኪናው ባለቤት መጥቶ መሰከረልን፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

የጊዜ ጉዳይ ደግሞ ጨዋታ አይደለም። ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት ለሚቀርብ ክስ ይርጋው፣ ማለትም መክሰስ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ዓመት ነው፣ ቁጥር 2143። በሕክምና ውል ላይ ተመሥርቶ ከተከሰሰ በቁጥር 1845 ያለው የአሥር ዓመት ይርጋ ይሠራል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ተከሳሽ ግን በሁለት ዓመቱ ይቃወማል። “ሁለት ዓመቱን የመጨረሻው አድርጋችሁ ቁጠሩት፣ አሥሩን ለክርክር አስቀምጡት” ነው ያለችን። ሕመምተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ ሁለት ዓመት እንዴት እንደሚያልፍ ያውቀዋል፤ አንደኛው ዓመት በኬሞ ብቻ ያልቃል።

የታካሚውን ካርድ ለማውጣት የሄደችበት መንገድ ከአገልግሎቱ ሁሉ በጣም ያረካኝ ነው። እኔ ብቻዬን ሄጄ በቃል ስጠይቅ ካርዱ አልተገኘም ነበር። እሷ ግን በባለቤቴ ስም አጭር ደብዳቤ ጻፈች፤ የካርድ ቁጥሩን፣ የታየባቸውን ቀኖች፣ የሚፈለጉትን ሰነዶች ዘርዝራ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ኮፒ በእጃችን ቀረ። ካርዱ ተገኘ። ውስጡ “በሰገራ ደም” የሚል በእጅ የተጻፈ መስመር አለ፤ ከሥሩ ለፊንጢጣ ምርመራ ውጤት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ በኋላ ብዙ ሥራ ሠራልን። ሌላው ያስጠነቀቀችን ነገር ስለ ባዮፕሲው ነው፤ የፓቶሎጂ ክፍሉ በሰም ውስጥ ያስቀመጠውን የሥጋ ናሙናና ናሙናው በማይክሮስኮፕ የታየበትን መስታወት እንዳይጥል በጽሑፍ ጠየቀች። ለሕክምናም ይጠቅማል፤ ሌላ ሐኪም ድጋሚ ሊያየው ይችላል።

የባለቤቴ እህት ፖሊስ ካልሄድን ብላ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት የሚደርስ የአካል ጉዳትን ያስቀጣል፤ መንገዱ አለ። ግን ማስረጃው ከበድ ያለ መሆን አለበት፣ ውጤቱም የባለቤቴን መድኃኒት አይገዛም። ሁለተኛው መንገድ የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው፤ አቤቱታ ተቀብሎ፣ ካርዱን አስቀርቦ፣ ባለሙያውን ጠይቆ፣ ጥፋት ካገኘ ከማስጠንቀቂያ እስከ ፈቃድ ማገድ ወይም መሰረዝ ሊያደርስ ይችላል። ካሳ አይወስንም። ባለቤቴ የመረጠው ኮሚቴውንና የፍትሐ ብሔር ክሱን ነው። “እኔ ሰውዬው እንዲታሰር አልፈልግም፤ ሌላውን ሹፌር ግን በጣቱ እንዲመረምረው እፈልጋለሁ” አለ። ጠበቃዋ ይህን ቃል በቃል ጽፋ ፋይሉ ላይ አያያዘችው።

የባለሙያ ምስክር ማግኘት እንዲህ ከባድ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ያነጋገርናቸው ሐኪሞች በጓዳ “መመርመር ነበረበት” ይላሉ፤ ፍርድ ቤት ቁም ሲባሉ ግን ዝም። አልፈርድባቸውም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ነገ ያው ሰው ጋር ይሠራሉ። ጠበቃዋ ግለሰብ መለመኑን ትታ ፍርድ ቤቱ ራሱ ለሆስፒታል በደብዳቤ የባለሙያ አስተያየት እንዲጠይቅ አመለከተች። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀችበት መንገድ ብልህነት ነበረው። “ሐኪሙ አጥፍቷል ወይ?” ብላ አልጠየቀችም። “በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ በሰገራ ደም እንደሚያይ ተናግሮ፣ ሄሞግሎቢኑ ከ13.4 ወደ 8.2 ሲወርድ፣ ተቀባይነት ያለው ቀጣይ ምርመራ ምንድን ነው? ዕጢው በጣት ሊደረስበት በሚችል ርቀት ላይ ነበር ወይ?” ብላ ጠየቀች። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሐኪም ወዳጁን ሳያማ መመለስ ይችላል። መልሱም በጽሑፍ መጣ።

ቅር ያሰኘኝን ደግሞ ልናገር። ጠበቃዋ ስታወራ ወደ እኔ ነው የምታወራው። ውክልና የሰጠኝ ባለቤቴ ነው፣ እኔም ነኝ የምመላለሰው፤ ቢሆንም ታማሚው እሱ ነው፣ አጠገቤ ተቀምጧል። “ጋሼ ደግሞ አይድከሙ፣ ከእህቴ ጋር እንጨርሰዋለን” እያለች ታልፈዋለች። ለአክብሮት ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ግን ቤት ስንገባ “በራሴ ሆድ ጉዳይ እኔን የሚጠይቀኝ ጠፋ” አለኝ። ነገርኳት፣ አረመችው፤ ነገር ግን ሐኪም ያልሰማው ሰው ጠበቃም ካልሰማው ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው። በሕክምና ጉዳይ የምትሠሩ ጠበቆች ይህን አስቡበት።

ሌላው የቀጠሮ ነገር ነው። ቀጠሮ ሲለወጥ አስቀድሞ የሚደውልልን አልነበረም፤ ኬሞ የጨረሰ ሰው ለባብሶ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ “ተላልፏል” ሲባል ያማል። ስልኳን ከሰዓት በኋላ አታነሣም። የምትጽፈውን ሰነድ ከማስገባቷ በፊት ታስነብበናለች፤ የፍርድ ቤት አማርኛውን ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ የለም፣ የተረዳሁት ደጋግሜ በመጠየቅ ነው። ክፍያዋ ግልጽ ነው፦ በጽሑፍ ውል፣ መጠነኛ ቅድሚያ፣ ከሚገኘው ካሳ ላይ አሥር በመቶ። ኮፒ፣ የደብዳቤ ማመላለሻና የዳኝነት ክፍያው በእኛ ነው፤ የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ ሳታስቡት ይከብዳል። የጥያቄያችንን መጠን ያለ ማስረጃ እንዳናጋንን የመከረችን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ሳይከፍል መክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ቢያንስ ለምክር መሄድ አይከፋም።

መጨረሻው የመጣው በሽማግሌ ነው። የባለሙያው አስተያየት ከደረሰ በኋላ የተቋሙ ባለቤት የሰፈር አባቶችን ቤታችን ላከ። ሌላ ጠበቃ ቢሆን “በር እንዳትከፍቱ” ይል ነበር። የእኛዋ “አባቶችን አክብራችሁ ተቀበሉ፣ ቡና አፍሉ፣ ስሙ፤ ምንም ነገር ግን እዚያው እንዳትፈርሙ” ነው ያለችን። ሽማግሌዎቹ የተናገሩትን ይዘን ሄድን፤ እሷም በጽሑፍ አደረገችው። ክፍያው መቼ መቼ እንደሚፈጸም፣ ባይፈጸም ምን እንደሚሆን፣ ወደፊት ለሚያስፈልገው ሕክምና ምን እንደሚታሰብ አንድ በአንድ ሰፈረ። ከዚያ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 መሠረት በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ አደረገች፤ እንዲህ ከሆነ ካልከፈሉ አፈጻጸም መክፈት ይቻላል፣ አዲስ ክስ አያስፈልግም። በሽማግሌ ታርቀው በቃል ቀርተው መና የቀሩ ሰዎች ስላየሁ ይህን እርምጃዋን ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ። ጥፋታቸውን በጽሑፍ እንዲያምኑ ጠይቀን እምቢ አሉ። ባለቤቴ አንድ ሌሊት አስቦበት “መድኃኒቱ ይቅደም” ብሎ ፈረመ። የሥነ ምግባሩ አቤቱታ የስምምነቱ አካል እንዳይሆን ጠበቃዋ አጥብቃ ስለያዘች እሱ በራሱ መንገድ ቀጥሏል።

ይህን አገልግሎት ለማን እመክራለሁ? ጡቷ ላይ የማያም እብጠት ይዛ ሄዳ በእጅ እንኳ ሳትዳሰስ “ወተት ነው” ተብላ ለተመለሰች እህት፤ የጡት ካንሰር እብጠት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ የሕክምናው አሠራርም በእጅ መዳሰስን፣ ምስል ማንሣትንና ናሙና መውሰድን አንድ ላይ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ ሴትየዋ መጀመሪያ ከታየችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ግብ ተቀምጧል፤ ጠበቃዋ ይህን ቁጥር ለሌላ ደንበኛዋ ስትጠቀምበት ሰምቻለሁ። አንገቱ ላይ ባበጠ ንፍፊት ናሙና ሳይወሰድለት የቲቢ መድኃኒት እየዋጠ ለከረመ ወንድምም እመክራለሁ። የባዮፕሲ ውጤት መጥቶ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ማንም ሳይደውልለት ለከረመ ሰውም እንዲሁ። ታሞ ጤና ተቋም ሳይሄድ ቤቱ ለቆየ፣ ወይም ሐኪም ሪፈር ጽፎለት ላልሄደ ሰው ግን አልመክርም፤ እሷም ራሷ አትቀበለውም፣ በር ላይ በአክብሮት ትነግረዋለች።

የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የላቦራቶሪ ወረቀት ዋናውና ሁለት ኮፒ፣ የሚደበዝዘውን ወረቀት ዛሬውኑ ኮፒ አድርጉ፤ የፓቶሎጂ ውጤት፤ የመድኃኒት ደረሰኝ ከትንሿ ጀምሮ፤ የአዲስ አበባ የአልጋና የትራንስፖርት ደረሰኝ፤ የሥራ ቦታ የደመወዝ ማስረጃ፤ ታማሚው መፈረም ከቻለ ከሰነዶች ማረጋገጫ የወጣ ውክልና። ታማሚው መቀመጥ ከቻለም እሱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወንበሩም ከጠበቃው ፊት ለፊት ይሁን።